አራት ሰዓት፣ ግን የትኛው አራት?

ጠይቁን፦ ጦርነት ሲያበቃ የአስተርጓሚው ሥራ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ወታደራዊ አስተርጓሚዎች ይጠይቃሉ። ተኩስ ሲቆም ሥራቸው የሚቀል የሚመስላቸው አንባቢዎች አሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በውጊያ መሀል የተሳሳተ ቃል በሚቀጥለው መልእክት ሊታረም ይችላል፤ በመጨረሻው ቀን የተሳሳተ ግን ተፈርሞበት ይቀራል። ከደብዳቤዎቹ ሰባቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ አያታችን የሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። የኮሪያ ጦርነት ያበቃው “አራት ሰዓት ላይ ነው” ይሉን ነበር። እኔ ጠዋት ነው ብዬ ለልጆቼ ስነግር፣ አጎቴ የለም ማታ ነው ብሎ ሞገተኝ። ልክ የቱ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጦርነቱን ያቆመው ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ኮሪያ ውስጥ ፓንሙንጆም ላይ የተፈረመው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ተኩስ እንዲቆም የተወሰነው ግን ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። በመሀል ያለው ግማሽ ቀን ጦርነት ነው፤ ወረቀቱ ተፈርሞ መድፉ ይተኮስ ነበር።

በእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ይህ አያምታታም፤ ወታደሮች ጠዋቱን 10፡00፣ ምሽቱን 22፡00 ብለው ይጽፉታልና። በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም “አራት” ናቸው። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ስለነበር ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይወርድና እንግሊዝኛ የሚያውቁ መኮንኖቻችን ወደ አማርኛ ይመልሱት ነበር። እንዲህ ባለው ሰንሰለት ላይ “ተኩስ አራት ሰዓት ላይ ይቆማል” የሚል መልእክት “ከምሽቱ” የምትለዋን ቃል ከጣለ፣ የሰማው ወታደር በጠራራ ፀሐይ ከምሽግ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ ሰዓት ሲደርስበት እየተናገረ በልቡ አይቀንስም፣ አይደምርም። መጀመሪያ የሰማውን እንደሰማው ማስታወሻው ላይ 22፡00 ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ስድስት ሰዓት ያነሳል፤ 16 ይሆናል። ከ12 ስለበለጠ እንደገና 12 ያነሳል፤ 4 ይቀራል። ከዚያ በሁለቱም አቆጣጠር ይናገረዋል፦ “ከምሽቱ አራት ሰዓት፤ በወታደር አቆጣጠር ሃያ ሁለት ሰዓት።” የሚቀበለው ሰው ደግሞ መልሶ እንዲናገረው ይጠይቃል። “እሺ” ወይም “ገብቶኛል” መልስ አይደለም፤ ሰዓቱ ራሱ ተደግሞ መሰማት አለበት።

ከሰዓቱ የባሰው ቀኑ ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ የትናንቱ ቀን ቅጥያ አድርጎ ያስባል። የፈረንጁ ሰነድ “28፣ 00፡30” ሲል፣ ያው ቅጽበት ለአንዱ “ሐምሌ 20 ሌሊት ስድስት ተኩል”፣ ለሌላው “ሐምሌ 21 ሌሊት ስድስት ተኩል” ነው፤ በመሀላቸው ሙሉ 24 ሰዓት አለ። ደግነቱ አማርኛ ለዚህ የተሠራ አነጋገር አለው፦ “ለሐምሌ 21 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል።” “አጥቢያ” ያለ አስተርጓሚ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አሻሚ አይተውም። ይህን ቃል ጊዜው ያለፈበት የቤተ ክህነት ቃል አድርገው የሚንቁ ወጣት ባለሙያዎች አሉ፤ ተሳስተዋል።

የቀን ድንበር ያምታታው እኛን ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን እጅ መስጠቷን ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስ ላይ የፈረመችው በፈረንጆቹ ግንቦት 7 ቀን 1945፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ41 ነበር፤ ተኩሱ የሚቆመው በማግስቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። በዚያች ደቂቃ ሞስኮ ላይ ቀኑ ወደ 9 ተሸጋግሮ ነበር። አውሮፓ ድሉን በ8፣ ሩሲያ በ9 የሚያከብሩት ከዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የኮሪያው ስምምነት ሁለቱም ወገኖች ከመለያ መስመሩ 2 ኪሎ ሜትር ወደኋላ እንዲያፈገፍጉ የሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። “ሦስት ቀን” ብሎ መተርጎም ያጓጓል። ግን እኛ ሳልስትና አርባ ስንቆጥር የመጀመሪያውን ቀን ጨምረን ነው፤ በዚያ ስሌት ሦስተኛው ቀን ሐምሌ 22 ይሆናል። 72 ሰዓት የሚሞላው ግን ሐምሌ 23 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በሰዓት የተነገረ በሰዓት ይተርጎም።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የፓንሙንጆሙ ስምምነት በሦስት ቋንቋ ነው ሲባል ሰማሁ። ጽሑፎቹ ቢጋጩ የሚገዛው የትኛው ነው? ድርድሩስ በሦስት ቋንቋ እንዴት ይካሄድ ነበር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሚገዛ የለም። ሰነዱ በእንግሊዝኛ፣ በኮሪያኛና በቻይንኛ መዘጋጀቱንና ሦስቱም እኩል ጉልበት እንዳላቸው በራሱ በመጨረሻው አረፍተ ነገር ይናገራል። የተፈረመው 18 ቅጂ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ተወካይ ጄኔራል ሃሪሰንና የሰሜን ኮሪያው ጄኔራል ናም ኢል ሳይነጋገሩ ፈርመው ወጡ።

ከዚያ በፊት ግን ብዙ ንግግር ነበረ። ድርድሩ ኬሶንግ ላይ ከተጀመረበት ከሐምሌ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. አንስቶ ሁለት ዓመት ከ17 ቀን ፈጅቷል፤ ከጥቅምት 1944 ወዲህ ፓንሙንጆም ላይ። ማስተርጎሙ ተራ በተራ ነው፦ አንዱ ይናገራል፣ ያቆማል፣ ንግግሩ ወደ ሁለቱ ሌሎች ቋንቋዎች ይመለሳል። አስር ደቂቃ የፈጀ ንግግር እንዲህ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት የሠሩት አስተርጓሚዎች በጆሮ ማዳመጫ፣ ንግግሩ ሳይቋረጥ ነበር የሚያስተረጉሙት፤ እያንዳንዳቸው 12 ሰው የያዙ ሦስት ቡድኖች ነበሩ፣ ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት “ቀስ በል”፣ ቀይ መብራት ደግሞ “አቁም” ይለዋል። ለችሎት ያ ይሻላል። ለድርድር ግን ተራ በተራው አንድ ጥቅም አለው፤ ተደራዳሪው ትርጉሙ እስኪያልቅ መልሱን ያበስላል። ልምድ ያላቸው ተደራዳሪዎች የሌላውን ወገን ቋንቋ እየሰሙም አስተርጓሚ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ጦር በኩል ከሠሩት ዋና አስተርጓሚዎች አንዱ ሆረስ አንደርውድ ነው። ኮሪያ ውስጥ ከኖረ የሚሲዮናውያን ቤተሰብ ሴኡል ላይ የተወለደ ሰው ነበር፤ ወንድሙ ሪቻርድም እዚያው አስተርጉሟል። ኮሪያኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ለዚህ ጠረጴዛ አይበቃም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እንየው፦ የአገሩን ስም ሰሜኖቹ “ቾሶን”፣ ደቡቦቹ “ሃንጉክ” ይሉታል። እንግሊዝኛው “ኮሪያ” ብሎ ሲያልፍ፣ ኮሪያኛ ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ወገን የያዘ ይመስላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ ችግሩን ለአለቃ ማሳወቅ ነው። አስተርጓሚው በራሱ ፈቃድ መርጦ ማለፍ የለበትም፤ ምርጫው የተደራዳሪዎቹ ነው።

የበርሊኑ የጀርመን እጅ መስጫ ሰነድ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ በእንግሊዝኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ ተጽፎ ሕጋዊዎቹ እንግሊዝኛውና ሩሲያኛው ብቻ ናቸው ይላል። ጀርመንኛው ማንበቢያ ብቻ ነበር ማለት ነው። ተሸናፊ በራሱ ቋንቋ መከራከር አይችልም፤ ጭካኔ ቢመስልም ክርክር ይዘጋል። እኛ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው “ይቻላቸዋል” ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ ማድረጉ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን፤ ከዓድዋ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ያንን ውል መሻር ነበር።

ለተማሪነትዎ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእንግሊዝኛ ሰነድ “ሻል” የሚለው ቃል ግዴታ ነው። በአማርኛ ሕግ አጻጻፍ ብዙ ጊዜ “ይሆናል” እየተባለ ይተረጎማል። በጽሑፍ ላይ ያስኬዳል። በቃል ግን “ጦሩ ከቀጠናው የሚወጣ ይሆናል” ያሉት ወታደር “ምናልባት ይወጣ ይሆናል” ብሎ ሊሰማው ይችላል። በቃል ሲያስተረጉሙ “መውጣት አለበት” ይበሉ። “ሜይ” ደግሞ “ይችላል” ነው፤ ግን ፈቃድ እንጂ አቅም አለመሆኑን ለመለየት “ተፈቅዶለታል” ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ “አርሚስቲስ” የሚለውን “ዕርቅ” ብለው የተረጎሙ አሉ። ይሄዳል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይሄድም። ዕርቅ በደል ተነግሮበት፣ ካሳ ተከፍሎበት፣ ሽማግሌ መርቆት ቂም የሚዘጋበት ነገር ነው። አርሚስቲስ ውጊያውን ብቻ ያቆማል፤ የጦርነትን ሥርዓት በሚወስነው በ1907ቱ (በፈረንጆቹ) የሄግ ደንብ መሠረት የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት አንዱ ወገን አስጠንቅቆ ውጊያ ሊጀምር ሁሉ ይችላል። ኮሪያ እስከ ዛሬ ያለችው በዚህ ሁኔታ ነው፤ የሰላም ውል አልተፈረመም። “ጦርነት የማቆም ስምምነት” ይበሉት። “ተኩስ አቁም” ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለአንድ ግንባር፣ ለጥቂት ሰዓት፣ ሬሳና ቁስለኛ ለማንሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። “የሰላም ስምምነት” የሁሉም መጨረሻ ነው። አራቱን ቃላት የሚያደባልቅ አስተርጓሚ ሰው ሳይታረቅ የታረቀ እንዲመስለው ያደርጋል።

ጥያቄ፦ በሰላም ማስከበር ሥራ ላይ ለማስተርጎም እየተዘጋጀሁ ነው። ምርኮኛ ሲጠየቅ አስተርጓሚው ምን ያደርጋል? የት ይቀመጣል? ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ምንድነው? (ከአዲስ አበባ፣ ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ከመቀመጫው እንጀምር። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ጠያቂውና ምርኮኛው ፊት ለፊት፣ አስተርጓሚው በጎን፣ ከሁለቱም እኩል ርቆ። ከጠያቂው ጎን ከተቀመጡ ምርኮኛው እርስዎንም መርማሪ ያደርግዎታል። ከምርኮኛው ጎን ከሆኑ ደግሞ ጠያቂው ይጠረጥርዎታል። ዓይንዎ ማስታወሻዎ ላይ ይሁን፤ ያኔ ሁለቱ እርስ በርስ ለመተያየት ይገደዳሉ።

ሲናገሩ በአንደኛ መደብ ይናገሩ። “መሣሪያዬን ጥያለሁ” ካለ “መሣሪያዬን ጥያለሁ” ነው እንጂ “መሣሪያውን ጥሏል ይላል” አይደለም። “ይላል” የምትለዋ ቃል ጥርጣሬ ታስገባለች፤ በአማርኛ በተለይ “እኔ እንጃ” የማለት ያህል ትሰማለች። ካልሠለጠኑ በሁለት ወይም በሦስት አረፍተ ነገር ያስቁሙት። ረጅም ንግግር ይዘው በኋላ ለማስታወስ የሚሞክሩ ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚጥሉት ቁጥርና ስም ነው፤ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ያለበትም ይኸው ነው፣ ሌላውን አእምሮ ይይዘዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድከም ይጀምራሉ። የደከመ አስተርጓሚ መድከሙን ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ ስለሆነ ተተኪ ወይም እረፍት ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ።

ሕጉን በደንብ ይወቁ። የሦስተኛው ጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 17 ምርኮኛ እንዲናገር የሚያስገድደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የሚጠየቀውም በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። “የሚገባው” ማለት የአገሩ መደበኛ ቋንቋ ማለት አይደለም። ምርኮኛው አንገቱን እየነቀነቀ ምንም ሳይገባው ሊውል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች “ከየት መጣህ፣ መንገዱ ስንት ቀን ፈጀ?” ብለው ያስወሩትና ቋንቋው እርስዎ የሚያውቁት መሆኑን ይፈትሹ። ካልሆነ “አልችልም” ይበሉ። ይህን ማለት የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸው፤ ጉዳቱ ግን የምርኮኛው ነው። የቀይ መስቀል ልዑካን ምርኮኛን ለብቻው ሲያነጋግሩ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። በአንቀጽ 126 መሠረት ያለ ምስክር የሚነጋገሩበት መብት አላቸው፣ በአስተርጓሚም ቢሆን። ያንን ንግግር ለያዘው ጦር የሚያወራ አስተርጓሚ ሥራውን ከድቷል።

አሁን ወደ ሚበላሸው። ከሁሉ የሚከፋው የአሉታ ጥያቄ ነው። “አትመለስም?” ብለው ይጠይቁትና “አዎ” ይላል። በአማርኛ “አዎ፣ አልመለስም” ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው “የስ” ሲባል “እመለሳለሁ” ብሎ ይጽፋል። ኮሪያኛም በዚህ እንደ እኛ ነው። ስለዚህ ጠያቂው በአሉታ ሲጠይቅ ጥያቄውን እንዲያቃና ይጠይቁት፤ መልሱንም በሙሉ አረፍተ ነገር ያስነግሩ፦ “እመለሳለሁ” ወይም “አልመለስም”።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1952 በደቡብ ኮሪያዋ ኮጄ ደሴት ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጦር የያዛቸው ምርኮኞች ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ አንድ በአንድ ተጠየቁ። ከጥያቄዎቹ መካከል በፈቃድህ መመለስ ትፈልጋለህ ወይ፣ ብትገደድ በኃይል ትቃወማለህ ወይ፣ ውሳኔህ ቤተሰብህ ላይ የሚያመጣውን አስበሃል ወይ የሚሉ ነበሩ። ከዚያ በፊት ለሌላው ወገን፣ ለሰሜን ኮሪያና ለቻይና፣ የተነገረው ግምት 116,000 ተመላሽ ነበር፤ ጥያቄው ሲያልቅ የተገኘው ወደ 70,000 ነው። ሌላው ወገን በዚህ ተቆጣ፤ ድርድሩ ከአንድ ዓመት በላይ የተጓተተበት ዋናው ምክንያትም ይኸው የምርኮኞች ጉዳይ ሆነ። ልዩነቱ የአስተርጓሚዎች ጥፋት ነው አንልም፤ በካምፖቹ ውስጥ ማስፈራራት ነበረ። ነገር ግን “ትመለሳለህ?” እና “መመለስ ትፈልጋለህ?” ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን እዚህ ጋ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ዕጣ ፈንታህን ገምት ይለዋል፣ ሁለተኛው ምረጥ።

ከስምምነቱ በኋላ፣ ከሐምሌ 29 እስከ ጳጉሜን 1 ቀን 1945 ዓ.ም. በነበረው ትልቁ ልውውጥ የተባበሩት መንግሥታት ጦር 75,823፣ ሌላው ወገን 12,773 ምርኮኞች መለሱ። አልመለስም ያሉት (22,604 በተባበሩት መንግሥታት ጦር ከተያዙት፣ 359 በሌላው ወገን ከተያዙት) በህንድ ጦር ጥበቃ ሥር ሆነው ከየአገራቸው የመጡ ሰዎች እንዲያስረዷቸው ተደረገ። ለ1,000 ምርኮኛ ከሰባት የማይበልጥ አስረጂ ነበር የተፈቀደው። ህንድ፣ ስዊድን፣ ስዊዘርላንድ፣ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ ታዛቢ ነበሩ። አንድ ምርኮኛ የሚናገረውን ለእነዚህ ሁሉ ጆሮዎች ማድረስ ነበረበት አስተርጓሚው።

ቁጥር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮሪያኛና ቻይንኛ ከሺህ በላይ የሚቆጥሩት በአስር ሺህ ነው፤ 132,000 ለእነሱ “13 አስር ሺህ እና 2 ሺህ” ነው። ሲፈጥኑ አንድ ዜሮ መጣል ወይም መጨመር በጣም ቀላል ነው። መድኃኒቱ ትልቅ ቁጥርን በወረቀት ጽፎ ለሁለቱም ማሳየት ነው፤ አሃዝ ትርጉም አይፈልግም።

ስምስ? ኮሪያውያን የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ኪም ብቻ ብሎ መመዝገብ ማንንም አለመመዝገብ ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በፈረንጅ ቅጽ ላይ “የቤተሰብ ስም” የሚለው ቦታ አንዱ መዝጋቢ የአባት ስም፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበታል፤ ያው ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ስም ከነአባት፣ ከነአያት፣ የትውልድ መንደር ተጨምሮበት ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ ነጭ ባንዲራ ይዞ ከሚሄደው መልእክተኛ ጋር አስተርጓሚው ቢሄድ ጥበቃ አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለው፤ በስሙ ተጠርቶ። የሄግ ደንብ አንቀጽ 32 መልእክተኛው፣ ባንዲራ ያዡ፣ መለከት ነፊው ወይም ከበሮ መቺው እና አስተርጓሚው እንዳይነኩ ይላል። ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ፦ የሚቀበለው አዛዥ መልእክተኛን ሁልጊዜ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ በዚያ አጋጣሚ ምሽግ የሚሰልለውን ደግሞ ለጊዜው ይዞ ሊያቆየው ይችላል። አስተርጓሚው ማስታወሻ ደብተሩን የሚያወጣው ንግግሩ ሲጀመር ነው፤ መንገድ ላይ አይጽፍም።

ጥያቄ፦ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በሬዲዮ “እጅ ሰጠን” አላሉም ይባላል። ታዲያ ሰዉ እንዴት ገባው? አስተርጓሚስ እንዲህ ያለውን የንጉሥ ንግግር እንዴት ይተረጉመዋል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ አላሉም። ነሐሴ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. የተላለፈው ንግግር አስቀድሞ በሸክላ የተቀረጸ ነበር። ጃፓን እጅ እንድትሰጥ የጠየቀውን የአራቱን መንግሥታት የጋራ መግለጫ እንደተቀበሉ ተናገሩ፤ ጦርነቱም “ለጃፓን የሚጠቅም ሆኖ አልቀጠለም” ዓይነት ቃል ነበረው። ቋንቋው የቤተ መንግሥት ስለሆነ ብዙ ሰሚ አልገባውም፤ ከተከታዩ ማብራሪያ ነው የተረዳው። የእኛ አንባቢ ይህን ለመገመት አይቸግረውም። ግዕዝ የበዛበት አዋጅ ገበያ ላይ ሲነበብ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

ለማዕረግ ቃል ከዚያ የተሻለ ምሳሌ ከቀናት በኋላ ማኒላ ላይ ተገኘ። ጄኔራል ካዋቤ የመሩት የጃፓን ልዑክ እጅ የመስጫውን ዝግጅት ለመቀበል መጥቶ ነበር። አሜሪካኖች አርቅቀው ያዘጋጁት የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ንጉሡን ተራ ሰው ራሱን በሚጠራበት “ዋታኩሺ” በሚለው “እኔ” ያናግራቸዋል። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ራሱን የሚጠራበት ቃል ግን “ቺን” ነው፤ ማንም ሌላ አይጠቀምበትም። ልዑካኑ ደነገጡ። የትርጉም ክፍሉ ኃላፊ ኮሎኔል ሲድኒ ማሽቢር ጃፓንኛና የጃፓንን ወግ ያውቅ ስለነበር በተለመደው የቤተ መንግሥት አጻጻፍ እንዲያዘጋጁት ነገራቸው። ከይዘቱ የተቀነሰ ነገር የለም። “እኛ” የሚለውን የነገሥታት ንግግር “እኔ” ብሎ የሚመልስ አማርኛ ተርጓሚ ምን ስድብ እንደሚሆን እያሰቡ ይፍረዱ።

ከዚህ ለአማርኛ አስተርጓሚ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር “አንተ” እና “እርስዎ” ላይ ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብቻ አለው፤ ምርጫው የአስተርጓሚው ይሆናል ማለት ነው። የተማረከ መኮንን “አንተ” ከተባለ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መልስ ቁጣ ነው። አስቀድመው ከጠያቂው ጋር ተስማምተው ለሁሉም “እርስዎ” ይበሉ፤ ለሕፃን ወታደር ብቻ “አንተ” ወይም “አንቺ” ይሁን። በመሀል መለወጥ አይገባም፣ ምርኮኛው ቅጣት ይመስለዋል።

“እጅ ስጡ” ራሱ እንዲሁ ነው። ኦኪናዋ ላይ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉ ሰዎችን ያወጡት ከዚያው ደሴት የዘር ግንድ ያላቸው ጃፓናዊ አሜሪካውያን ወታደሮች የደሴቱን የራሱን ቋንቋ ተጠቅመው ነበር። በአማርኛም ከምሽግ ለሚጠራ ሰው “እጅ ስጥ” ውርደት ነው። “መሣሪያህን አስቀምጠህ፣ እጅህን እያሳየህ ውጣ፤ ውኃ አለ፣ ሐኪም አለ” ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ቃሉን ማለስለስ ግን ለጥሪ ብቻ ነው፤ ሰነድ ላይ እጅ መስጠት እጅ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ለውጭ ጦር ያስተረጎመ ዘመድ አለኝ። ሥራው ሲያልቅ ምን ወረቀት ይያዝ? (ከካምፓላ)

መልስ፦ ጦሩ ሻንጣውን ሳይጠቀልል አሁኑኑ ይያዝ። የመጀመሪያው ውሉ ነው፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ቀን ያለበት። ሁለተኛው ከአሠሪው የሰው ኃይል ክፍል የተሰጠ የሥራ ማረጋገጫ፤ ሦስተኛው በቅርብ ያሠራው ኃላፊ የጻፈው ደብዳቤ፣ ከኃላፊው ሙሉ ስም፣ ማዕረግና ከጦሩ ከወጣ በኋላም የሚሠራ አድራሻ ጋር። የአሜሪካ ልዩ ቪዛ ለአፍጋን አስተርጓሚዎች ሲሰጥ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥራና ይህን ዓይነት ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር፤ ብዙዎችን ያሰናከላቸው ደብዳቤውን የሚጽፈው ኃላፊ መጥፋቱ ነው። ባጅና የደመወዝ ወረቀት ተጨማሪ ማስረጃ ናቸው፣ ብቻቸውን አይበቁም።

ፓስፖርትን ሌላ ቦታ አለመተው። ካቡል በ2021 ስትወድቅ ለቪዛ ገብተው አሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ የነበሩ ፓስፖርቶች በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ተብለው ተቃጥለዋል፤ ባለቤቶቹ ያለ ፓስፖርት ቀሩ።

በኢትዮጵያውያን ላይ በተለይ የሚመጣው የስም ፊደል ነው። ጸጋዬ በአንዱ ወረቀት በ“ቲ” እና “ኤስ”፣ በሌላው በ“ኤስ” ብቻ፤ ወልደ ማርያም በአንዱ ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፋል። ሁሉም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን፤ የተለየ ካለ ያው ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አሠሪው አሁን ይጻፍለት። የትውልድ ቀንም ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት ይደመራል። ሁልጊዜ 8 እየደመሩ የሞሉ ሰዎች በሁለት ወረቀት ሁለት ዕድሜ ይኖራቸዋል።

ወረቀቱ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ኬላ ላይ የጦር ባጅ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። ዋናውን የሚያምነው ሰው ዘንድ ያስቀምጥ፣ ግልጽ ፎቶግራፍ አንስቶ ከስልኩ ውጭ በሆነ ኢሜይል ይላክ፣ ከስልኩ ደግሞ ያጥፋው። ከተላከበት ኢሜይልም ከስልኩ ላይ መውጣቱን አይርሳ።